ለአገር ቤት ጠበቆች ምን እንላክ? መጽሐፍ ወይስ ማውጫ?

በማኅበራችን ያለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ብዙ ክርክር ያስነሣው ጉዳይ እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም። ጉዳዩ ይህ ነው። በአገር ቤት በዞን ከተሞች በጥብቅና ሥራ ላይ ያሉ ጥቂት ወገኖች ለሥራቸው የሚረዳ የሕግ መጽሐፍ እንድንልክላቸው ጠየቁ። ከመካከላችን አብዛኞቹ ነገሩን ሳያብላሉ ተስማሙ። ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በየጊዜው ከመደርደሪያ የሚወርዱ አሮጌ የሕግ መጻሕፍት አሉና እነሱን ሰብስበን፣ በሣጥን አሽገን፣ የማጓጓዣውን ሒሳብ ከማኅበሩ ካዝና ከፍለን እንላክ ተባለ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አባሎች በስብሰባው ላይ ሐሳቡን ተቃውመናል፤ አሁንም እንቃወማለን። የጠበቆቹ ችግር ስላልተሰማን አይደለም። ችግሩ የተሰማን መሆኑን ለማስረዳት ነው ይህን የምንጽፈው።

ከሣጥኑ ውስጥ ምን ሊኖር እንደሚችል እስቲ እናስበው። ስለ እንግሊዝ የውል ሕግ ከ40 ዓመት በፊት የታተመ ጥራዝ፣ ስለ ፈረንሳይ አስተዳደር ሕግ መግቢያ፣ ስለ ዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ አንድ ሁለት መጽሐፍ። ለሕግ ተማሪ ይጠቅሙ ይሆናል፤ ዕውቀት አይናቅም። ነገ ጧት በሦስት ሰዓት ችሎት ፊት የሚቆም ጠበቃ ግን ከነዚህ ውስጥ አንዱንም አይገልጥም። እሱን የቸገረው ሌላ ነገር ነው።

በደሴ፣ በጅማ ወይም በአርባ ምንጭ የሚሠራ ጠበቃ በጠረጴዛው ላይ ምን እንዳለው እንገምት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አለው፤ 3367 ቁጥሮች ያሉት ትልቅ መጽሐፍ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት፣ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አሉት። ከዚያ ወዲያ በፎቶ ኮፒ የተባዙ፣ ጠርዛቸው የተበላ፣ ከባልደረባ የተዋሳቸው አዋጆች ክምር አለ። በቂ ይመስላል። ነገር ግን ሕግ ማግኘትና የጸናውን ሕግ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ ስለ ጋብቻና ስለ ፍቺ የተጻፉት አንቀጾች ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ በ1992 በወጣው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213፣ ተተክተዋል። ክልሎች ደግሞ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው፤ አንዳንዱ አውጥቷል። ስለ መሬት ባለቤትነት የተጻፉት ደንቦች የገጠሩ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማው በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 47 መሠረታቸው ተነቅሏል። መጽሐፉ ግን ዝም ይላል። የሞተው አንቀጽና በሕይወት ያለው አንቀጽ ባንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል።

የንግድ ሕጉ ነገር ከዚህም ይብሳል። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ አምስት መጽሐፎች ነበሩት። በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1243 አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የተተኩት አንደኛው፣ ሁለተኛውና አምስተኛው ናቸው። ስለ ማጓጓዝና ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ሦስተኛው መጽሐፍ፣ ስለ ተላላፊ የንግድ ወረቀቶችና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገረው አራተኛው መጽሐፍ አልተነኩም። እንግዲህ «አዲስ ሕግ ወጥቷል» ሲባል ሰምቶ አሮጌውን የጣለ ጠበቃ በቼክ ክርክር ላይ እጁ ባዶ ይሆናል፤ አዲሱን ያላገኘው ደግሞ ስለ ማኅበር መፍረስ ሲከራከር በተሻረ ቁጥር ይከራከራል። ሁለቱም ሰነፎች አይደሉም። ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ የሰጣቸው የለም እንጂ።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም በዘመናችን ሦስት ጊዜ ተለዋውጧል፤ በ1985 ቁጥር 42፣ በ1996 ቁጥር 377፣ በ2011 ቁጥር 1156። ከሥራ የተባረረ የጥበቃ ሠራተኛ ጉዳዩን ለራፖር ጸሐፊ ቢያስጽፍ፣ ጸሐፊው ለዓመታት ሲገለብጠው የኖረውን የአሮጌውን አዋጅ አንቀጽ ቢያስገባለት ማን ይመልሰዋል? በሌላው ወገን የተቀመጠው የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ግን አዲሱን ይዟል። ድርጅቱ ነጋሪት ጋዜጣ በየጊዜው ይገዛል፤ ሠራተኛው አይገዛም። ስለዚህ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ጉዳይ የምሁራን ቅንጦት ነው የሚሉን ሰዎች ይህችን ሚዛን ይመልከቱልን።

አንዲት ትንሽ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር፤ ትንሽ ብትመስልም ብዙ ሰው ታደክማለች። አንድ አዋጅ በአማርኛ ገጹ 1156/2011 ይባላል፣ በእንግሊዝኛው ገጽ 1156/2019። ሁለቱን የዘመን አቆጣጠር ያላስተያየ ፈላጊ ሁለት አዋጆች ያሉ ይመስለዋል፤ ወይም አንዱን ፈልጎ ሲያጣ የለም ብሎ ይተወዋል። እኛው ራሳችን እዚህ ሆነን በስንት ድርሰት ግርጌ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት አይተናል!

እንደሚታወቀው ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ተቋቋመ። የፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ በ1987 በአዋጅ ቁጥር 3 ሲቋቋም ማናቸውም የመንግሥት አካልና ማንም ሰው በጋዜጣው የወጣውን ሕግ እንዳወቀ ተቆጠረ። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይደነግጋል። ይህ አስፈላጊ ደንብ መሆኑን አንክድም፤ ያለዚያ ማንም ወንጀለኛ አላወቅሁም ብሎ በወጣ ነበር። ነገር ግን ደንቡ ፍትሐዊ የሚሆነው የፈለገ ሰው ፈልጎ ማግኘት ሲችል ነው። ጋዜጣው የሚታተመው በአዲስ አበባ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው። ከዚያ መደብር በሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቀት ላይ ያለ ሰው እንዳወቀ ሲቆጠር፣ ያወቀበት መንገድ የትኛው ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። የየመሥሪያ ቤቱ መመሪያማ ብዙ ዘመን በነጋሪት ጋዜጣ ሳይወጣ በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ሲያስፈርድ ኖሯል። በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ያልተመዘገበና ለሕዝብ ያልተገለጸ መመሪያ ተፈጻሚነት እንዳይኖረው ማድረጉ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም መመሪያው መመዝገብ አለመመዝገቡን አጣርቶ ለጠበቃው የሚነግር ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሰበር ችሎት እንምጣ፤ ዋናው ራስ ምታት ያለው እዚህ ነውና። በ1997 በአዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለ የፌዴራልም ሆነ የክልል ፍርድ ቤት እንዲገዛበት ተደረገ። ችሎቱ ሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችልም በዚያው ተጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአገራችን ሕግ በአዋጅ መጽሐፍ ብቻ የሚነበብ መሆኑ ቀረ። ምሳሌ እንጥቀስ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት እንዲደረግ ያዛል። አንቀጹ ማስረጃን ብቻ የሚመለከት ነው ወይስ ያልተመዘገበውን ውል ፈጽሞ ፈራሽ ያደርገዋል? ዳኞች በዚህ ላይ ተከፋፍለው ነበር። ሰበር ሰሚው ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበው ውል አይጸናም የሚለውን መንገድ ያዘ፤ ፍርዱም በውሳኔዎቹ ጥራዝ በቅጽ 4 ታተመ። በሽማግሌ ፊት ተፈራርሞ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ፣ ቤት ገዝቶ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ዕጣ በዚህ ፍርድ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ይህን ፍርድ አስቀድሞ የሚያውቅ ጠበቃ ደንበኛውን ገና ውሉ ሲጻፍ «ሂዱና አስመዝግቡ» ይለዋል። የማያውቀው ከዐሥር ዓመት በኋላ ሻጩ ሐሳቡን ሲለውጥ ከደንበኛው ጋር አብሮ ይደነግጣል።

ጥራዞቹ ዛሬ ከ20 በላይ ሆነዋል። አዋጁ ራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔዎቹን አትሞ እንዲያሠራጭ ያዝዝ ነበርና መታተማቸው የሚያስመሰግን ነው። ታዲያ የታተመ መጽሐፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ራሱን አያርምም። በኋለኛው ቅጽ የተለወጠ ትርጉም በፊተኛው ቅጽ ላይ እንደጸና ሆኖ ይነበባል። ፊተኛውን ብቻ የያዘ ጠበቃ፣ ወይም ፊተኛውን ብቻ የያዘ የወረዳ ዳኛ፣ በቅን ልቡና ይሳሳታል። ለዚህ ዓይነት በሽታ መድኃኒቱ ተጨማሪ መጽሐፍ አይደለም። የትኛው ፍርድ በየትኛው እንደተለወጠ፣ የትኛው አንቀጽ በየትኛው አዋጅ እንደተሻረ የሚናገር፣ በየጊዜው የሚታደስ ማውጫ ነው።

ይህን የመሰለ ሥራ በአገራችን ተሞክሮ አያውቅም እንዳይባል የቀደሙትን እናስታውስ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፈተ፤ በዓመቱ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትን አወጣና የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ማተም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ በሥራ ላይ የነበሩትን ሕጎች በየርእሳቸው አሰባስቦ አሳተመ። በእጅና በጽሕፈት መኪና፣ ጋዜጣውን ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ እያገላበጡ፣ የተሻረውን እየጣሉ፣ የቀረውን እየለዩ የሠሩት ሥራ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አብዮቱ መጣና አዋጅ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ስብስቡን ተከታትሎ የሚያድስ እጅ ግን በዚያው መጠን አልተገኘም። ያ ታላቅ ሥራ ዛሬ የታሪክ ተመራማሪ የሚፈልገው መጽሐፍ ሆኗል። የሕግ ማውጫ እንደ ጓሮ አትክልት ነው፤ አንድ ክረምት ካልተኮተኮተ አረም ይውጠዋል።

አንዳንድ ወገኖች «ዛሬ እኮ ሁሉም በስልክ ይገኛል፤ አዋጁም ሰበሩም በቴሌግራም ይላካል፤ እናንተ ስለየትኛው ዘመን ነው የምታወሩት?» ብለውናል። እውነት አላቸው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። በጎ ፈቃደኛ የሕግ ባለሙያዎች አዋጆችንና ፍርዶችን በፎቶ እያነሡ በነፃ ማሠራጨታቸው ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ እኛም ተጠቅመንበታል። ይሁን እንጂ ፎቶ የሆነ ገጽ በቃል አይፈለግም። ስሙ ቁጥር ብቻ የሆነ ፋይል በስልክ ውስጥ አንድ ሺሕ ቢከማች ክምር እንጂ ቤተ መጻሕፍት አይባልም። ቤተ መጻሕፍትን ቤተ መጻሕፍት የሚያደርገው የሚያውቅ ሰው ነው፤ «ይህን አይደለም የፈለግኸው፣ ያንን ነው፤ ያም ባለፈው ዓመት ተሻሽሏል» የሚል ሰው። በብዙ አገር የጠበቆች ማኅበራት ይህን ስለተረዱ ለአባሎቻቸው የጋራ ቤተ መጻሕፍትና ጥያቄ የሚመልስ ባለሙያ ያቆማሉ። የለንደኖቹ የጠበቆች ማኅበራት ቤተ መጻሕፍት ለዚሁ የቆሙ ናቸው። በእኛም አገር በ2013 በወጣው የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር በሕግ ተቋቁሟል፤ እንዲህ ያለውን ሸክም ከአንድ ጠበቃ ኪስ አንሥቶ በብዙ ትከሻ ላይ ለማድረግ መንገዱ ተከፍቷል።

ሩቅ ሳንሄድ ከዚሁ ከምንኖርበት አካባቢ አንድ ትምህርት አለ። ፍልስጥኤማውያን የወረሱት ሕግ እንደ ጨርቅ የተጣጣፈ ነው። ከቱርክ የኦቶማን ዘመን የቀረ አለ፤ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ጊዜ የተጨመረ አለ፤ ከ1948 እስከ 1967 በምዕራብ ዳርቻ የዮርዳኖስ፣ በጋዛ በግብጽ አስተዳደር ዘመን የተሠራ አለ፤ ከዚያ የእስራኤል ወታደራዊ ትእዛዞች፣ ከዚያም ከ1994 ወዲህ የፍልስጥኤም አስተዳደር ያወጣቸው ሕጎች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የቢርዜይት ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተቋም ይህን ሁሉ ሰብስቦ፣ በኮምፒዩተር አደራጅቶ፣ ሕጉን ከሻሪውና ከፍርዱ ጋር አያይዞ ለዳኛና ለጠበቃ አቀረበው። ስሙን አል ሙቅተፊ አሉት፤ ዱካ ተከታይ ማለት ነው። መንገድ በሚዘጋበትና ፍተሻ በበዛበት አገር ይህ ከተሠራ፣ እኛ የምናቀርበው ምክንያት የሚያስቅ ነው። ስሙንም ልብ እንበል። ጎተራ ወይም ግምጃ ቤት አላሉትም፤ ዱካ ተከታይ ነው ያሉት።

«መልካም፤ ታዲያ የኢትዮጵያን ሕግ ሁሉ ቤይሩት ተቀምጠን ልናደራጅ ነው?» አይደለም። ይህ የአገር ቤቱ ፍርድ ቤቶች፣ የሕግ ትምህርት ቤቶችና የጠበቆች ማኅበር ሥራ ነው፤ እኛ ብንሞክረው ጀምረን እንተወዋለን። እኛ ግን አገር ቤት ያለው ጠበቃ የማይችለው፣ በእጃችን ያለ አንድ ነገር አለን፤ ዐረብኛ።

ከኩዌት ተመልሳ ወሎ የገባች አንዲት እኅት እንውሰድ። አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የመጨረሻው ሒሳብ ሳይከፈላት ተሳፈረች። ወደ ጠበቃ ብትሄድ፣ ጠበቃው በ2008 የወጣውን የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923ን ያወጣል። ጎበዝ ከሆነ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1246 መሻሻሉንም ያውቃል፤ የላካትን ኤጀንሲ ከአሠሪዋ ጋር ተጠያቂ አድርጎ ሊከስ ይችላል። ስንት ብር ይጠይቅላት? ያልተጠየቀውን ዳኛ አይፈርድም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የቀኑን ሥራ በ12 ሰዓት ይወስናል፤ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት 30 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል፤ አገልግሎት ሲያበቃ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ያስከፍላል። እንግዲህ ደመወዟ በወር 80 ዲናር ቢሆን ለአራቱ ዓመት 320 ዲናር፣ ያልወጣችበት ፈቃድ ሒሳብ ሲጨመር ከዚያም በላይ ይገባታል። ወሎ ያለው ጠበቃ ይህ ሕግ መኖሩን በምን ያውቃል? ቢያውቅስ ዐረብኛውን ማን ያነብለታል? ስለዚህ የሁለት ወር ውዝፍ ደመወዝ ብቻ ጠይቆ፣ እሱንም ተከራክሮ ካገኘ ተመስገን ይላል። 320 ዲናሩ በአሠሪው ኪስ የሚቀረው ሕግ ስለሌለ አይደለም።

ሌላውም አገር እንዲሁ ነው። የካታር ሕግ ቁጥር 15 እ.ኤ.አ. የ2017 ነው፤ የቀኑን ሥራ በ10 ሰዓት ይገድባል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በዚያው በ2017 ቁጥር 10ን አወጡ፤ በ2022 ደግሞ በቁጥር 9 ተኩት። አሮጌውን ብቻ የያዘ ሰው እዚህም ይሰናከላል። ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2008 የሥራ ሕጓን አሻሽላ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥላ ሥር አስገባች። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ ግን በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አግልሏል። እዚህ የሚሠሩት እኅቶቻችን መብት እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ አንድ ወጥ የውል ቅጽ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። በ2020 መስከረም ላይ የሥራ ሚኒስቴሩ የተሻለ አዲስ ውል አጸደቀ፤ ዜናው በየአገሩ ተሰማ። በጥቅምቱ ግን የአስመጪ ኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር አቤት ብሎ የመንግሥት ምክር ቤቱ፣ ማለትም ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ አፈጻጸሙን አገደው። ዜናውን ሰምቶ እገዳውን ያልሰማ ሰው ስንት ነው! ያ ውል የወጣው በዚያው ዓመት በሰኔ እኅቶቻችን ከነሻንጣቸው በቆንስላችን ደጅ ላይ በአሠሪዎቻቸው ከተጣሉ ከሦስት ወር በኋላ ነበር። እሑድ እሑድ በዶራ መንገድ ላይ የምናገኛቸው ሁሉ የሚጠይቁን ጥያቄ አንድ ነው፤ «አዲሱ ሕግ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን የምንል ሰዎች አጥጋቢ መልስ በወረቀት አዘጋጅተን አናውቅም።

የሕግ መጽሐፍ ከዐረብኛ መቀበል ለአገራችን እንግዳ ነገር እንዳልሆነም እናስታውስ። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ ምድር በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቃውንቱ አንድምታውን እየተማሩ ፈርደውበታል። የያኔዎቹ ተርጓሚዎች ያለ መብራትና ያለ መዝገበ ቃላት ሠርተዋል። የኛ ሥራ ከነሱ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ሃያ ሠላሳ ገጽ ሕግ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ቀርቦብናል። አንደኛው፣ «ሕጉ ራሱ ጎዶሎ ነው፤ አሠሪና ሠራተኛን በአንድ ገመድ ያሰረው የከፋላ ሥርዓት ሳይነቀል የሕግ ትርጉም መበተን ቁስልን በጨርቅ መሸፈን ነው» የሚል ነው። ከፋላን በሚመለከት ከማንም ያላነሰ አቋም አለን። ነገር ግን እስኪነቀል ድረስ ያለችው ሠራተኛ ዛሬ የሚገባትን 320 ዲናር ትተወው ብሎ የሚነግራት ማነው? ይልቁንም ሕጉ የት ላይ ጎዶሎ እንደሆነ በቁጥር የሚናገር ሰው ሕጉን ያነበበ ሰው ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ክብደት አለው። ተሳስተን ብንተረጉም ጠበቃው በኛ ስሕተት ደንበኛውን ይጎዳል ተብሏል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን የተረጎመው ወረቀት አይወጣም፤ አንዱ ይተረጉማል፣ ሌላው ዐረብኛውን ይዞ ቃል በቃል ያመሳክራል፣ ሕግ የሚያጠና ሦስተኛ ሰው አማርኛው የሕግ አማርኛ መሆኑን ያያል። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ እስከ የትኛው ቀን ድረስ እንደታየ ይጻፋል። የዐረብኛው ገጽ ፎቶም አብሮ ይሄዳል፤ ነገሩ የከረረ እንደሆነ ጠበቃው ለተፈቀደለት ተርጓሚ ይሰጠዋል። ፍርድ ቤት ውስጥ የኛ ወረቀት እንደ ሕግ አይቆጠርም፤ ሕጉ የት እንዳለ ለጠበቃው ይጠቁመዋል እንጂ።

ወጪውም ይነሣ። ለመጻሕፍቱ ሣጥን ማጓጓዣና ቀረጥ የታሰበው ገንዘብ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ማተሚያና የአምስት ስድስት ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከኩዌት ሕግ እንጀምር፤ ቀጥሎ የካታሩ፣ የኤምሬቶቹና የሊባኖሱ ውል ከነእገዳው ታሪክ። ሲያልቅ በአገር ቤት የሕግ ትምህርት ቤቶች ባቋቋሟቸው የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች በኩል ይላክ፤ ድሃው ባለጉዳይ የሚሄደው እዚያ ነውና። ጥያቄውን ለላኩልን ጠበቆችም ደብዳቤ እንጻፍላቸው፤ የትኛው ሕግ እንደሚቸግራቸው እነሱ ይንገሩን፤ እኛ ከዚህ ሆነን አንገምትላቸው። መጽሐፍ እንልካለን ብለን ተስፋ ሰጥተን እንዳንቀር ደግሞ፣ ከመጻሕፍቱ ውስጥ ለሕግ ተማሪዎች የሚሆኑትን ጥቂቶች መርጦ በሚጓዝ ሰው እጅ መላክ ይቻላል፤ ይህን ማንም አልተቃወመም።

ሐሳቡ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በድምፅ ይወሰናል። ዐረብኛ አጣርተው የሚያነቡ አባሎች፣ በተለይ እዚሁ ተወልደው ያደጉትና አማርኛችን ደካማ ነው እያሉ ወደ ኋላ የሚሉት፣ ከስብሰባው በፊት ስማቸውን ለጸሐፊው እንዲያስመዘግቡ እንጠይቃለን፤ አማርኛውን የሚያቃና ሰው አይጠፋም። የኩዌቱን ሕግ ዐረብኛ ቅጂ አግኝተናል፤ ፈልጎ ማየት ለሚሻ በማኅበሩ ክፍል በጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።